ኖታሪው ይምጣ ወይስ እኛ እንሂድ? የአንዲት እናት የውክልና ጉዳይ

በሎስ አንጀለስና አካባቢው ላሉ ወገኖች ወረቀት በመሙላት እረዳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ኖታሪም (የፈራሚን ማንነት አይቶ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) አይደለሁም። በዚህ ሥራ በጣም ከሚደጋገሙብኝ ጥያቄዎች አንዱ «ቤት ድረስ የሚመጣ ኖታሪ ልጥራ ወይስ ራሴ ልሂድ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የምመልሰው ባጭሩ ነበር። ይህ ጉዳይ ካጋጠመኝ ወዲህ ግን መልሴ ረዝሟል። የጻፍኩት ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው። ስም አልጠራም።

መነሻው

እናትየው 81 ዓመታቸው ነው። አሜሪካዊ ዜግነት አላቸው፤ ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) አውጥተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው ካርታ ያለው ቤት አለ። ቤቱ ተከራይቷል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኪራዩን እየተቀበለ፣ ግብሩን እየከፈለ የሚያስተዳድረው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ውክልናውም በእሱ ስም ነበር።

ወንድምየው አረፈ። ተወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮት ያበቃል። ተከራዩ ይህን ሳያውቅ አልቀረም መሰለኝ፣ ከሐዘኑ በኋላ ኪራይ መክፈል አቆመ። የእህታቸው ልጅ ሄዶ ቢጠይቀው «አንተ ማነህ?» አለው። ነገሩ ያሳዝናል እንጂ በሕግ ዓይን ጥያቄው ትክክል ነው።

በዚሁ መሀል እናትየው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ማዕከል ተዛወሩ። ወንድና ሴት ልጆቻቸው ወደ እኔ የመጡት ያን ሰሞን ነው። የእህት ልጅየው በቴሌግራም የላከውን የውክልና ጽሑፍ ይዘዋል። ሦስት ገጽ ነው። «ይህን እናታችን ትፈርምና እንላከው» አሉኝ። የአንድ ቀን ሥራ ነው ብለው ነበር የመጡት።

ምን ምርጫ ነበራቸው?

ጤነኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ብዙም አልጨነቅም ነበር። ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ ይዞ፣ በአካል ቀርቦ የኢትዮጵያ ቆንስላ ሠራተኛ ፊት መፈረም ከሁሉም አጭሩ መንገድ ነው። ኖታሪ አያስፈልግም፤ የክፍለ ግዛቱም የፌዴራሉም ማረጋገጫ ይቀራል። እናትየው ግን ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዛወር ሁለት ነርስ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው መንገድ ኖታሪ ያለበት ሱቅ መሄድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖታሪ ለአንድ ፊርማ ከ15 ዶላር በላይ ማስከፈል አይችልም፤ ሕግ ነው። ርካሽ ነው። ነገር ግን ተሽከርካሪ ወንበር የሚጭን መኪና ደርሶ መልስ ከ200 ዶላር በላይ ተጠየቁ። ገንዘቡም ይቅር፣ ሕመሙ አለ።

ሦስተኛው በኢንተርኔት ነው። ወንድ ልጅየው ይህን በጣም ወዶት ነበር። «በስልክ አሥር ደቂቃ ነው» አለኝ። ካሊፎርኒያ የኦንላይን ኖታሪን የሚፈቅድ ሕግ በ2023 አውጥታለች፤ የራሷ ኖታሪዎች ግን በዚያን ጊዜ ገና ሥራውን አልጀመሩም። ስለዚህ የሌላ ክፍለ ግዛት ኖታሪ መጠቀም ሊኖርባቸው ነው። ኖታሪው የቨርጂኒያ ከሆነ የማረጋገጫውን ማኅተም የምትሰጠው ቨርጂኒያ ናት። አዲስ አበባ ደርሶ ደግሞ «ይህ የስክሪን ፊርማ ምንድን ነው?» ቢባልስ? ለባንክ ወረቀት ቢሆን እሺ እል ነበር። ለኢትዮጵያ ውክልና ግን አልመከርኩም።

የቀረው ቤት ድረስ የሚመጣ ኖታሪ ነው። ለፊርማው ያው 15 ዶላር ነው። የመንገዱ ግን ለብቻው በስምምነት ይከፈላል። ሴት ልጅየው ስልክ ደወለች። 75 ዶላር የመንገድ ተስማሙ፤ ቀን ተቆረጠ። እኔ በዚያ ሳምንት አልነበርኩም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ኖታሪው በሰዓቱ መጣ። ትሑት ሰው ነበር አሉኝ። መታወቂያ ጠየቀ። ቢጫ ካርዱን ሰጡት። ገልብጦ አይቶ መለሰው። የካሊፎርኒያ ሕግ ኖታሪ ሊቀበል የሚችላቸውን መታወቂያዎች አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ ቢጫ ካርድ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንዲያውም ግሪን ካርድም የለበትም። ይህን ስነግራቸው የማይገረም ሰው አላገኘሁም።

ፓስፖርታቸውስ? ለማደስ በፖስታ ተልኳል። ኮፒው ስልክ ላይ አለ። ኮፒ አይሆንም። መንጃ ፈቃድ ኖሯቸው አያውቅም። የካሊፎርኒያ መታወቂያም አላወጡም፤ እስከዚያ ቀን በፓስፖርት ነበር የሚኖሩት።

መታወቂያው ብቻ አልነበረም። ኖታሪው እናትየውን በእንግሊዝኛ ሰላም አላቸው። እሳቸውም «ያስ፣ ያስ» አሉት። ከዚያ በላይ አልሄደም። ልጅየው «እኔ አስተረጉማለሁ» አለ። ኖታሪው አይሆንም አለ። የክፍለ ግዛቱ መመሪያ ኖታሪው ከፈራሚው ጋር በቀጥታ መነጋገር እንዳለበትና አስተርጓሚ መጠቀም እንደሌለበት ይናገራል። መነጋገር ካልቻለ ቋንቋቸውን ወደሚናገር ኖታሪ እንዲልካቸው ነው የሚመከረው። ሰውየውም ያደረገው ይህንኑ ነው። 75 ዶላሩን ተቀብሎ ሄደ።

ልጅየው እስከ ዛሬ ይናደዳል። «ፊርማ ሲፈረም ለማየት አማርኛ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። መልሱን ከእኔ ሳይሆን ከሁለተኛው ቀጠሮ አገኘው።

ምስክር ፍለጋ

መታወቂያ ለሌለው ሰው የካሊፎርኒያ ሕግ አንድ በር ይከፍታል። ሁለት ምስክሮች ቀርበው፣ የየራሳቸውን መታወቂያ አሳይተው፣ ይህች ሴት በሰነዱ ላይ ስሟ የተጠቀሰው ሰው ናት ብለው ይምላሉ። ሁለት ነገር ግን ይፈለጋል። ፈራሚዋ ሌላ መታወቂያ ማውጣት የሚከብዳት መሆን አለባት። ምስክሮቹ ደግሞ በሰነዱ የሚጠቀሙ መሆን የለባቸውም። ቤቱ ነገ የልጆቹ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ከምስክርነት ወጡ።

እናትየው የጽዋ ማኅበር አላቸው። ሁለት ሴቶች ወዲያው እሺ አሉ። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ሁለቱንም በስልክ አናገርኳቸው። አንደኛዋን «ሙሉ ስማቸውን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ወለተ ማርያም ናታ!» አሉኝ። ይህ የክርስትና ስማቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረው ጽዋ ጠጥተዋል፤ የፓስፖርት ስማቸውን ግን አያውቁም። ሰነዱ ላይ ያለውን ስም ሰምተው የማያውቁ ሰው እንዴት ይምላሉ? ይቅርታ ጠይቄ በጎረቤት ቀየርናቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። በኋላ ዶሮ ወጥ ይዘው ጠያቂ ሲመጡ ነው የታረቅነው።

ኖታሪዋን ያገኘናት በሰው በሰው ነው። ሐበሻ ናት፤ አማርኛዋ ንጹሕ። በስልክ የጠየቀችን ነገር የመጀመሪያው ሰውዬ ካልጠየቀን ነገር ጋር ሲተያይ የሰማይና የምድር ያህል ነው። መታወቂያ አለ? ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ሰነዱ ላይ ያልተሞላ ባዶ ቦታ አለ? እናትየው በየትኛው ሰዓት ንቁ ናቸው? ባዶ ቦታ ነበር፤ የተወካዩ የመታወቂያ ቁጥር አልተጻፈም። ኖታሪ ያልተሞላ ሰነድ አይቀበልም። ቁጥሩን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ሰዓቱን በተመለከተ ሴት ልጅየው ነርሶቹን ጠየቀች። የሕመም ማስታገሻው ከሰዓት በኋላ ያስተኛቸዋል። ቀጠሮው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሆነ።

ጠዋት አራት ሰዓት

ያን ቀን ነበርኩ። ኖታሪዋ ገብታ እጅ ነሳች። ወንበሯን አልጋው አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች። ከምስክሮቹ በቀር ሁላችንም እንድንወጣ ጠየቀች። ልጆቹ ተያዩ። ኮሪደር ላይ ቆምን፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ይሰማል።

«እማማ፣ ዛሬ የሚፈርሙት ወረቀት ምንድን ነው?»

«ውክልና ነዋ።»

«ለማን?»

«ለእህቴ ልጅ። ተከራዩን እንዲከስልኝ፣ ኪራዩን እንዲቀበልልኝ፣ ግብሩን እንዲከፍልልኝ።»

«ወረቀቱ ተነቦልዎታል?»

«የለም። ልጆቼ ያውቁታል።»

ኖታሪዋ ጠራችን። «እማማ ሰነዱ እንዳልተነበበላቸው ነግረውኛል። መጀመሪያ ይነበብላቸው» አለች። ልጅየው ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ገጽ መሀል ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል መጣ። እናትየው እጃቸውን አነሱ።

«ቁም። ማን ሽጥ አለው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅየው ወረቀቱን ደግሞ አየው። እውነቱን ለመናገር እኔም ሦስቱንም ገጽ ካየሁ በኋላ ነው እዚያ የቆምኩት። ዓይኔ የለመደው ቃል ስለሆነ አለፍኩት። በየመንገዱ ያሉ ጸሐፊዎች የሚያትሙት ውክልና ሁሉ ይህ ሐረግ አለበት።

ይህ ሐረግ ምክንያት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2205 ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ ክስ ማቅረብም አይችልም ይላል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ አንዱም እንዳይቀር ሁሉንም ይደረድራሉ። ለእናትየው የሚያስፈልገው «ለመክሰስ» የሚለው ነበር፤ እሱ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከእሱ ጋር ግን ቤቱን የመሸጥ ሥልጣንም ተጠቅልሎ መጣ።

ሴት ልጅየው ኖታሪዋን «የቱን እናውጣ?» አለቻት። «እሱን እኔ ልነግራችሁ አልችልም» አለች። ትክክል ናት፤ ኖታሪ ምክር መስጠት አይፈቀድላትም። እናትየው ራሳቸው ነገሩን። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ስጦታ፣ ዋስትና ይውጣ። ክስ፣ ኪራይና ግብር ይቆይ። ላፕቶፕ ተከፈተ። ኖታሪዋ መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ፕሪንተር ይዛ ትዞራለች፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ዋና ቅጂ ታተመ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነበበላቸው።

እናትየው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ፊርማቸው በአማርኛ ነው፤ ቀስ ብለው እያንዳንዱን ፊደል ይጽፋሉ። ሁለቱንም ፈረሙ። ከዚያ ኖታሪዋ መዝገቧን አውጥታ የቀለም ሰሌዳውን ከፈተች። የቀኝ አውራ ጣት አሻራ ጠየቀች። እማማ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

«ፈርሜያለሁ እኮ! አሻራ ደግሞ ለምን? ያልተማርኩ መሰልኩሽ?»

ካሊፎርኒያ ውስጥ ለውክልና አሻራ በመዝገቡ ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን ያደርጋል። ኖታሪዋ ይህን ሦስት ጊዜ አስረዳች። በመጨረሻ ጣታቸውን ሰጡ። ጣታቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ግን ፊታቸው አልተፈታም ነበር።

ከፊርማው በኋላ

ውክልናው በአማርኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል። ተርጓሚውም ኖታሪ ፊት ይፈርማል። ዘመድ አይደለም። ጤነኛ ሰው ነው። እሱ የመንገድ ክፍያ ምን ያደርግለታል? ምሳ ሰዓቱ ላይ ሰፈሩ ያለ ሱቅ ሄዶ በሁለት ፊርማ 30 ዶላር ከፍሎ ጨረሰ። ቤተሰቡ ለኖታሪዋ የከፈለው ለሁለት ፊርማ 30፣ ለመንገድ 60 ዶላር ነው።

ቀጥሎ መሀል ከተማ ስፕሪንግ ጎዳና ላይ ያለው፣ የኖታሪን ፊርማ የሚያረጋግጠው የካሊፎርኒያ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ አለ። ለእያንዳንዱ ማረጋገጫ 20 ዶላር፣ በአካል ለቀረበ ደግሞ በእያንዳንዱ ኖታሪ ፊርማ 6 ዶላር ይጨመራል። አራት ማረጋገጫ (ሁለት ለውክልናው፣ ሁለት ለትርጉሙ)፣ ሁለት ኖታሪ፤ 92 ዶላር። ያኔ ኢትዮጵያ በአፖስቲል ስምምነት (አገሮች አንዱ የሌላውን ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ ብቻ የሚቀበሉበት) ውስጥ ስላልነበረች በዚህ አያበቃም። ወረቀቱ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ ውልና ማስረጃ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ተፈጠረ። ልጅየው አንዱን ቅጂ ለተወካዩ በቴሌግራም ሊልክ ስካን ማድረግ ፈለገ። ማሽኑ ገጽ በገጽ ነው የሚቀበለው። ስፒሉን ነቀለው። ስካን አደረገና መልሶ መታው። ወረቀቱን ሳነሳ ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳ አየሁ። ማረጋገጫው ከሰነዱ ጋር አንድ ላይ የተመታ ነው፤ ከተነቀለ በኋላ ሌላ ገጽ ገብቶበት እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያንን ቅጂ አስቀረነው። ሁለት ያሠራነው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። እጅ ያልነካውን ላክን። በስልክ ካሜራ ገጹን እያጠፉ ፎቶ ማንሳት ይቻል ነበር።

በፖስታ የላክነው ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እስኪመለስ ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጀ። በመሀሉ የታደሰው ፓስፖርት ደረሰ፤ ለኤምባሲው ከቢጫ ካርዱ ጋር ኮፒው ተያያዘ። የእህት ልጅየው ውልና ማስረጃ ያስመዘገበው ከመጀመሪያው ስልክ አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ የያዝኩት

መጀመሪያ ስለ ኖታሪ ያለን ግምት። አገር ቤት ውልና ማስረጃ ያለው ሰው የውሉን ይዘት ያያል፤ ሕግ የሚጻረር ነገር ካለ ይመልሳል። የአሜሪካው ኖታሪ እንደዚያ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የኖታሪው ማረጋገጫ ላይ በሳጥን ውስጥ የታተመ ማስታወቂያ አለ፤ ማንነትን እንጂ የሰነዱን እውነተኛነት አላረጋገጥኩም ይላል። ማንም አያነበውም። ስለዚህ «ኖታሪ አይቶታል» የሚለው ቃል ስለ ይዘቱ ምንም አይነግረንም። ይዘቱን ማየት የእኛ ሥራ ነው፤ እኔም በዚህ ጉዳይ አልተወጣሁትም።

ሁለተኛ፣ «ይምጣ ወይስ እንሂድ?» የሚለው ለመላው ቤተሰብ አንድ መልስ የለውም። ለእያንዳንዱ ፈራሚ ለብቻው መታየት አለበት። መሄድ የሚችል ይሂድ። የሚጠራው ለማይችለው ነው። ሲጠራም ከርቀቱና ከዋጋው በፊት ቋንቋው ይታይ። በአማርኛ የሚያናግራቸው ኖታሪ ባይመጣ ኖሮ እናትየው ያላሰቡትን የመሸጥ ሥልጣን ፈርመው ይልኩ ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ሕጉን ችላ ብሎ ልጁ እንዲያስተረጉም ቢፈቅድ ኖሮስ? ሁላችንም አመስግነን እንሸኘው ነበር።

ሌላው ስልኩ ነው። ቀጠሮ ከመያዙ በፊት መታወቂያውን በስሙና በሚያበቃበት ቀን ለኖታሪው መንገር 75 ዶላር ያተርፋል። የመንገዱንና የፊርማውን ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። «ሁሉም ተደምሮ ይሄን ያህል» የሚላችሁ ሰው ለፊርማው ከተፈቀደው በላይ እየወሰደ ይሁን አይሁን ማወቅ አትችሉም። የምጽፈው ስለ ካሊፎርኒያ ነው፤ ሜሪላንድ ወይም ቴክሳስ ያላችሁ የየክፍለ ግዛታችሁን ዋጋና የመታወቂያ ዝርዝር አረጋግጡ። ለምስክር ደግሞ ሙሉ ስም የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ የጽዋ ባልንጀራ ሁሉ አይሆንም።

አሁን ያለበት

የእህት ልጅየው የተስተካከለውን ውክልና ሲያይ ቅር አላለውም። ጽሑፉን ያዘጋጀለት ጸሐፊ ከነበረው ቅጽ ገልብጦ እንደሰጠው ነገረን። አምነነዋል። በተከራዩ ላይ ክስ ተመሥርቷል፤ ቀጠሮው ይራዘማል፣ ይራዘማል።

እናትየው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዘው ሳሎኑን ይዞራሉ። የካሊፎርኒያ መታወቂያ ለማውጣት ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ልጅየው ተሽከርካሪ ወንበሩ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይገባ እንደሆነ በሜትር ለክቷል። አንዱን ጎማ ካወለቀው ይገባል።